የቤዝቦል ጭብጥ ያለው የጋዜጣ የፊደል እንቆቅልሽ እንዴት ይፈታል?

በአሜሪካ ዕለታዊ ጋዜጦች ላይ፣ ከመስቀለኛ ቃላትና ከካርቱን ሥዕሎች ጎን፣ ፊደሎቻቸው የተዘበራረቁ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ አንድ ሥዕልና መጨረሻው ክፍት የተተወ ዓረፍተ ነገር የያዘ ትንሽ ሣጥን በየቀኑ ይታተማል። ከእንደዚህ ዓይነቶቹ ጨዋታዎች በጣም የታወቀው «ጀምብል» የሚባለው ነው። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1954 የፈጠረው ማርቲን ናይዴል የተባለ የካርቱን ሠዓሊ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተሰጠው ስም «ስክራምብል» ነበር። በ1962 ሄንሪ አርኖልድና ቦብ ሊ ተረክበው ለረጅም ጊዜ አዘጋጁት፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቃላቱን ዴቪድ ሆይት፣ ሥዕሉን ጄፍ ክኑሬክ ሲያዘጋጁት ቆይተዋል። የቤዝቦል የውድድር ዘመን ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ የሚዘልቅ በመሆኑ፣ በእነዚህ ወራት የኳስ ወርዋሪ፣ የመቺ ወይም የዳኛ ሥዕል በሣጥኑ ውስጥ ማየት የተለመደ ነው።

የጨዋታው አሠራር ይህ ነው። ከአራቱ ቃላት ሁለቱ ባለ አምስት ፊደል፣ ሁለቱ ደግሞ ባለ ስድስት ፊደል ናቸው። ፈቺው የእያንዳንዱን ቃል ፊደላት በትክክለኛ ቅደም ተከተላቸው መልሶ በባዶ ሣጥኖች ውስጥ ይጽፋል። ከሣጥኖቹ መካከል አንዳንዶቹ ውስጥ ክብ ተሥሎባቸዋል፤ በክቦቹ ውስጥ ያረፉት ፊደላት ተሰብስበው እንደገና ሲደረደሩ በሥዕሉ ሥር ያለውን ዓረፍተ ነገር የሚሞላው የመጨረሻው መልስ ይገኛል። ይህ መልስ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በአንድ ድምፅ ሁለት ነገር የሚናገር የቃላት ጨዋታ ነው።

አማርኛ አፉን የፈታበት አንባቢ በዚህ እንቆቅልሽ ላይ ሲቸገር ብዙውን ጊዜ ችግሩን በእንግሊዝኛው ላይ ያሳብባል። እኔ ግን ችግሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን እንደ አንድ ሥራ ከመያዝ የሚመጣ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ሥራ ፊደል መደርደር ሲሆን፣ ይህ በተወሰነ ደንብ የሚመራና ማንም ሰው በልምምድ የሚያዳብረው ነው። ሁለተኛው ሥራ ኅብረ ቃሉን ማግኘት ነው፤ ይህኛው በተወሰነ ደንብ አይመራም፤ የቤዝቦልን ጨዋታና የጨዋታውን ቃላት ሁለተኛ ትርጉም ማወቅን ይጠይቃል። ሁለቱን ለይቶ የያዘ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ከፊደል ድርደራው እንጀምር። አምስት የተለያዩ ፊደላት በ120 ዓይነት መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ፤ ለመጀመሪያው ቦታ አምስት ምርጫ፣ ለሁለተኛው አራት፣ ለሦስተኛው ሦስት እያለ የሚሄደውን ማባዛት ነው። ስድስት የተለያዩ ፊደላት ሲሆኑ ቁጥሩ ወደ 720 ይዘልላል። ሆኖም በቃሉ ውስጥ የተደጋገመ ፊደል ካለ ቁጥሩ በእጅጉ ይቀንሳል። ለምሳሌ የቤዝቦል አንድ ዙር የሚጠራበት «ኢኒንግ» የሚለው ቃል ሦስት ኤን፣ ሁለት አይና አንድ ጂ ስላለው፣ ስድስት ፊደል ቢኖረውም የሚደረደርባቸው መንገዶች 60 ብቻ ናቸው። የተከላካይ ስሕተት የሚመዘገብበት «ኤረር» ደግሞ ሦስት አር ስላለው 20 መንገዶች ብቻ አሉት። ስለዚህ አንድ ፊደል ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ያየ ፈቺ ሊደናገጥ አይገባም፤ የተደጋገመ ፊደል የሚያየው ቃል ከሌሎቹ ይልቅ ጠባብ በር እንዳለው የሚነግር ምልክት ነው።

በእርግጥ 720ውን መንገድ አንድ በአንድ የሚሞክር ሰው የለም፤ ሊሞክርም አይገባም። ሥራውን የሚያቀልለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ልማድ ነው። እዚህ ላይ የእኛ የንባብ ልማድ የሚያሳስተን አንድ ነገር አለ። በፊደላችን እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዟል፤ «ሰላም» ሦስት ምልክት ብቻ ስለሆነ ብናዘበራርቀው የሚወጣው ስድስት ዓይነት ድርድር ነው፤ የተጻፈውም ሁሉ ይነበባል። በዚህ ያደገ ሰው የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ቃል ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ድምፁን አውጥቶ ማንበብ ነው። የእንቆቅልሹ አዘጋጆች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፊደላቱን የሚያዘበራርቁት ቃል እንዲመስሉ አድርገው ነው። ቪ፣ ኢ፣ ኤል፣ ጂ፣ ኦ የሚል ድርድር «ቬልጎ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ አንዴ «ቬልጎ» ካሉ በኋላ ድምፁ በጆሮ ውስጥ ይቀርና ሌላውን ድርድር ሁሉ ይጋርዳል። መፍትሔው አለማንበብ ነው። ፊደላቱን በወረቀት ጥግ ላይ በክብ ቅርጽ ዙሪያውን መጻፍ፣ ወይም አናባቢዎቹን በአንድ ረድፍ፣ ተነባቢዎቹን በሌላ ረድፍ ለይቶ ማስቀመጥ ይህን የድምፅ ወጥመድ ይሰብረዋል። እንግሊዝኛን የምንፈታው በጆሮ ሳይሆን በዓይን መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ብዙ ፊደላቱ ተጽፈው የማይነበቡ ናቸውና።

ይህን በተግባር ለማየት ለዚህ ጽሑፍ ያዘጋጀሁትን አንድ እንቆቅልሽ እንፍታ። የመጀመሪያው ቃል ከላይ ያየነው ነው፤ ቪ፣ ኢ፣ ኤል፣ ጂ፣ ኦ። ሁለተኛው ቲ፣ ኤች፣ አይ፣ ፒ፣ ሲ ነው። ሦስተኛው ኤል፣ ዩ፣ ዲ፣ ኢ፣ ቢ፣ ኦ ሲሆን፣ አራተኛው ኤም፣ ዋይ፣ ኤል፣ ኤፍ፣ አይ፣ ኤ ነው። በሥዕሉ ላይ ረጅም ካፖርት የለበሰና አጉሊ መነጽር የያዘ መርማሪ በቤዝቦል ሜዳ ላይ፣ ከነጩ መስመር ውጪ ያረፈች ኳስ አጠገብ ቆሟል። ከሥዕሉ ሥር ያለው ዓረፍተ ነገር «ዋንጫው ከስታዲየሙ በጠፋ ጊዜ መርማሪው የጠረጠረው…» ይልና ይቆማል። መልሱ ባለ አራት ፊደል የሆኑ ሁለት ቃላት ነው፤ በመጀመሪያው ቃል ዙሪያ ትእምርተ ጥቅስ አለ።

በመጀመሪያው ቃል ውስጥ ቁልፉ ቪ ነው። የእንግሊዝኛ ቃላት በቪ አያልቁም ማለት ይቻላል፤ በድምፅ በቪ የሚያልቅ ቃል እንኳ በጽሑፍ ከቪ ቀጥሎ የማይነበብ ኢ ይጨምራል። ስለዚህ ቪና ኢ በመጨረሻ ላይ አንድ ላይ እንዲቀመጡ እንሞክራለን። የቀሩት ኤል፣ ጂና ኦ ናቸው፤ ጂና ኤል በእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያ ላይ ተጣምረው ይመጣሉ፤ ኦ መካከል ሲገባ «ግለቭ» የሚለው ቃል ይወጣል፤ የተከላካዩ የቆዳ ጓንት ነው። በጆሮ ብንፈልገው ኖሮ ኦው እንደ አ ስለሚነበብና የመጨረሻው ኢ ስለማይሰማ ብዙ በዞርን ነበር።

ሁለተኛው ቃል አንድ አናባቢ ብቻ አለው፤ አይ። አንድ አናባቢ ብቻ ያለው ባለ አምስት ፊደል ቃል አራት ተነባቢዎቹን በአናባቢው ግራና ቀኝ ማከፋፈል አለበት። ሲና ኤች ሲገናኙ አንዱ የሌላው ጓደኛ እንደሆነ መገመት ተገቢ ነው፤ በፊታቸው ቲ ስትጨመር ደግሞ በ«ካች»፣ በ«ማች»ና በ«ዋች» መጨረሻ ላይ የምናገኛት የታወቀች ሦስትዮሽ ትሆናለች። ሦስቱን በመጨረሻ ካስቀመጥን የሚቀሩት ፒና አይ ብቻ ናቸው፤ ቃሉ «ፒች» ይሆናል፤ ኳስ ወርዋሪው የሚወረውረው ውርወራ ማለት ነው።

በሦስተኛው ቃል ቢ፣ ኤልና ኢ በመጨረሻ ላይ የሚመጡ ሦስት ፊደላት ናቸው፤ «ቴብል» ብለን የምንጠራው የጠረጴዛ ስም የሚያልቅበት መልክ ይኸው ነው። የሚቀሩት ዲ፣ ኦና ዩ ሲሆኑ «ደብል» ይሰጡናል፤ በቤዝቦል መቺው በአንድ ምት እስከ ሁለተኛው ቤዝ፣ ማለትም ሯጩ በየተራ ከሚደርስባቸው አራት ማረፊያዎች ሁለተኛው ድረስ፣ የሚሄድበት ነው። አራተኛው ቃል ከቤዝቦል ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ብዙ ፈቺዎች የሚቆሙትም እዚህ ነው። ሥዕሉ የቤዝቦል ስለሆነ ቃላቱም ሁሉ የቤዝቦል ይሆናሉ ብለው ይጠብቃሉ፤ ጭብጡ ግን የሚያዘው ሥዕሉንና የመጨረሻውን መልስ ብቻ ነው፤ ከላይ ያሉት አራት ቃላት ከየትም ሊመጡ ይችላሉ። እዚህ ሦስቱን ከቤዝቦል የመረጥኩት የጨዋታውን ቃላት ለማስተዋወቅ ነው። በአራተኛው ውስጥ ኤልና ዋይ በመጨረሻ ላይ የሚጣመሩ ፊደላት ናቸው፤ ከፊታቸው ኤፍ፣ ኤ፣ ኤምና አይ ሲደረደሩ «ፋሚሊ» ይላል፤ ቤተሰብ።

ክቦቹ ያረፉት በ«ግለቭ» ሁለተኛና ሦስተኛ ሣጥን፣ በ«ፒች» የመጀመሪያው፣ በ«ደብል» ሦስተኛው፣ በ«ፋሚሊ» ደግሞ የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ነው። ስለዚህ የተሰበሰቡት ስምንት ፊደላት ኤል፣ ኦ፣ ፒ፣ ዩ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ኤልና ዋይ ናቸው። ኤል ሁለት ጊዜ ስላለ ስምንቱ ፊደላት በ20,160 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። በፊደል ደንብ ብቻ የሚሄድ ሰው እዚህ ይጠፋል። «ፉል» የሚለውን ሙሉ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ቢያወጣ በእጁ የሚቀሩት ኦ፣ ፒ፣ ኤና ዋይ ምንም የታወቀ ቃል አይሆኑም፤ «ፑል» ቢል የሚቀሩትም እንዲሁ ናቸው። ሥራው የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው፤ ከአሁን በኋላ የሚመራን ፊደሉ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ነው።

ዓረፍተ ነገሩ መርማሪ «ጠረጠረ» ይላል። በእንግሊዝኛ የፖሊስና የጋዜጣ ቋንቋ አንድ ነገር በወንጀል መፈጸሙ ሲጠረጠር የሚባል የታወቀ ሐረግ አለ፤ «ፋውል ፕለይ» ይባላል። ዋይ በቃል መጨረሻ ላይ ከኤ ጋር ሲጣመር እናያለን፤ ፒ፣ ኤል፣ ኤ፣ ዋይ «ፕለይ» ይሆናል፤ የሚቀሩት ኤፍ፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤል በትክክል «ፋውል» ይሰጣሉ። አንድም ፊደል አልተረፈም፤ አንድም አልጎደለም። በሥዕሉ ላይ ኳሷ ከመስመር ውጪ ያረፈችውም ለዚህ ነው፤ በቤዝቦል ከሜዳው መስመሮች ውጪ ያረፈ ምት «ፋውል» ይባላልና። በመጀመሪያው ቃል ዙሪያ ያለው ትእምርተ ጥቅስም ኅብረ ቃሉ የትኛው እንደሆነ ጠቁሞን ነበር።

«ኅብረ ቃል» የምለው በአጋጣሚ አይደለም። ሰምና ወርቅ የሚሰማ ማኅበረሰብ የዚህን እንቆቅልሽ ሁለተኛ ክፍል አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሁለቱን ትርጉም የሚሸከመው ቃል አንድ ነው፤ ላይኛውን ትርጉም ሥዕሉ ይሰጠናል፤ ታችኛውን ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ይጠይቀናል። የሚጎድለን ቅኔውን የመስማት ችሎታ ሳይሆን የቤዝቦል ቃላት ክምችት ነው፤ እሱን ደግሞ መሙላት ይቻላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው የጨዋታ ዕውቀት ብዙ አይደለም። በእያንዳንዱ ወገን ዘጠኝ ተከላካዮች ይሰለፋሉ፤ ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ አለው። «ፒቸር» የተባለው ኳስ ወርዋሪ «ማውንድ» ከተባለ ዝቅተኛ ጉብታ ላይ ሆኖ 60 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም 18.4 ሜትር ገደማ ወደሚርቀው «ሆም ፕሌት» ይወረውራል። «ባተር» የተባለው መቺ በዱላው መትቶ አራቱን ቤዞች እያዳረሰ ይሮጣል፤ በሁለት ቤዞች መካከል ያለው ርቀት 90 ጫማ ነው። ዞሮ ወደ ሆም ሲመለስ አንድ «ረን» ይቆጠርለታል። ሦስት «ስትራይክ» የተቆጠረበት መቺ ይወጣል፤ አራት «ቦል»፣ ማለትም ከመምቻው ክልል ውጪ ያለፈና ያልሞከረው ውርወራ፣ የተቆጠረለት ደግሞ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ያልፋል፤ ይህም «ዎክ» ይባላል። ሦስት ሰው ሲወጣ ተራው ወደ ሌላው ቡድን ይሸጋገራል። የአራቱ ቤዞች ቅርጽ «ዳይመንድ» ይባላል።

እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ከሜዳው አውጥተን በተራው ኑሮ ውስጥ ብናያቸው የእንቆቅልሹ አዘጋጅ ለምን ቤዝቦልን እንደሚወድ ይገባናል። «ፒቸር» በወጥ ቤት ውስጥ ውኃ የሚቀዳበት ማንቆርቆሪያ ነው፤ «ባተር» ኬክ የሚጋገርበት ቀጭን ሊጥ ነው፤ «ፕሌት» ሳህን ነው። ስለዚህ ሥዕሉ የቤዝቦል ተጫዋችን ወጥ ቤት ውስጥ ካስቀመጠው መልሱ ከእነዚህ ከሦስቱ የአንዱን ፊደላት ይዞ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ መጠርጠር ይቻላል። ሥዕሉ የጌጣጌጥ ሱቅ ከሆነ «ዳይመንድ» አልማዝ ነው። ባንክ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ከሆነ «ስቲል» መስረቅ ነው፤ በቤዝቦልም ሯጩ ወርዋሪው ሳያስበው ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሲያመልጥ ሰረቀ ይባላል፤ በገበያ ቋንቋ ደግሞ በርካሽ የተገኘ ዕቃ «ስቲል» ነው፤ «ሴፍ» ቤዝ ላይ በሰላም የደረሰ ሯጭ ሲሆን በባንክ ቤት ካዝና ነው። «ባት» የመቺው ዱላ ሲሆን የሌሊት ወፍም ነው፤ «ፍላይ» ወደ ላይ የተመታች ኳስም፣ ዝንብም ነው። «ፋን» ደጋፊ ነው፤ በሙቀት ቀን የሚከፈተው ማራገቢያም ስሙ ይኸው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚያስፈልገው «ስትራይክ» ነው። ቃሉ በተራው እንግሊዝኛ መምታት ማለት ነው፤ በቤዝቦል ግን የሚቆጠረው መቺው ሞክሮ ሲስት ወይም ሊመታት የሚገባውን ኳስ ሳይሞክር ሲያሳልፍ ነው፤ ማለትም ከመምታት ተቃራኒ ነው። ሦስተኛው ትርጉሙ የሥራ ማቆም አድማ ሲሆን፣ ይህ ትርጉም ከቤዝቦል ጋር በታሪክም ተገናኝቷል፤ ነሐሴ 12 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. የከፍተኛው ሊግ ተጫዋቾች ሥራ አቁመው፣ ከ1904 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር፣ ማለትም ወርልድ ሲሪስ፣ ሳይካሄድ ቀርቷል። በሥዕሉ ላይ መፈክር የያዙ ሠራተኞች ከታዩ፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩ ስለ ደመወዝ ካወራ፣ «ስትራይክ» እንዳለ መጠርጠር ይገባል። «ፋውል»ም የእኛን ሰው ያሳስተዋል፤ ከእግር ኳስ እንደምናውቀው በተጋጣሚ ላይ የተፈጸመ ጥፋት ማለት አይደለም። በቤዝቦል ፋውል የመታ ሰው ማንንም አልበደለም፤ ኳሷ ወዴት እንዳረፈች ብቻ ነው የሚነገረው፤ ሁለት ስትራይክ ከሌለበት ግን አንድ ስትራይክ ይቆጠርበታል።

ትእምርተ ጥቅሱ አንዳንድ ጊዜ ከዚህም የራቀ ነገር ይናገራል። ቃሉ ሁለት ትርጉም ከመያዝ አልፎ አጻጻፉ ራሱ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ሥዕሉ በሙዚቃ ባንድ ውስጥ ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ የቤዝቦል ተጫዋች ቢያሳይ፣ መልሱ «ፈርስት ቤዝ» ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቤዝም፣ ያ ጊታርም በድምፅ አንድ ናቸው፤ በጽሑፍ ግን የሜዳው ቤዝ በኤስና በኢ ሲያልቅ የጊታሩ በሁለት ኤስ ያልቃል። በእጁ ከ«ፈርስት» ኤስ ሌላ ሁለት ኤስ ይዞ ኢ ያጣ ፈቺ ትእምርተ ጥቅሱን ካላስተዋለ ትክክለኛውን መልስ በራሱ እጅ ሊጥለው ይችላል። በዚህ ጊዜ ብቻ ጆሮ ከዓይን ይበልጣል፤ ከላይ በፊደል ድርደራው ላይ እንድንተወው ያልነውን ድምፅ አውጥቶ የማንበብ ልማድ በመጨረሻው መልስ ላይ መልሰን እንጠቀምበታለን።

ስለ አራቱ የላይኛ ቃላት አንድ ጠቃሚ ልማድ ልጨምር። አዘጋጆቹ ፊደሎቻቸው ከአንድ በላይ ትክክለኛ ቃል የማይሰጡትን ቃላት ይመርጣሉ፤ አለዚያ ክቦቹ ውስጥ የሚገቡት ፊደላት በፈቺው ምርጫ ይለያዩ ነበርና። በዚህ ምክንያት በጣም የታወቁ የቤዝቦል ቃላት እዚያ ለመግባት አይመቹም። «አምፓየር» የተባለው የዳኛው ስም ፊደላት በሌላ ድርድር «ኢምፒውር» ይሆናሉ፤ ንጹሕ ያልሆነ ማለት ነው። «ፕሌት» የአበባ ቅጠል የሆነውን «ፔታል»፣ የቀሚስ እጥፋት የሆነውን «ፕሊት» ያወጣል። «ስቲል» ከሁሉ የባሰ ነው፤ «ሊስት» የተባለውን ከሁሉ ያነሰ፣ «ስቴል» የተባለውን ያደረ ዳቦ፣ «ቴልስ» የተባሉትን ተረቶች ይሰጣል። እነዚህ ቃላት በአብዛኛው የምናገኛቸው በመጨረሻው መልስ ውስጥ ነው፤ እዚያ ዓረፍተ ነገሩ ትክክለኛውን ድርድር ስለሚወስን ብዙ ትርጉም መያዛቸው አይጎዳም። ስለዚህ ከላይኞቹ ረድፎች በአንዱ «አምፓየር» ያገኘ ሰው ቆም ብሎ ፊደላቱን እንደገና ቢቆጥር መልካም ነው፤ አንድ ፊደል አሳስቶ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቃል አልፈታ ሲል ደግሞ ከመጨረሻው ወደ ኋላ መሥራት ይቻላል፤ እንዲያውም ልምድ ያላቸው ፈቺዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት እንዲህ ነው። በምሳሌያችን ውስጥ «ፋሚሊ» አልታየን አለ እንበል። ከሦስቱ ቃላት ኤል፣ ኦ፣ ፒና ዩ በእጃችን አሉ፤ ባለ አራት ፊደል ሁለት ቃላት እንደሚያስፈልጉንም እናውቃለን። መርማሪውንና ከመስመር ውጪ ያለችውን ኳስ አይተን «ፋውል ፕለይ» ብለን ብንገምት፣ የጎደሉት ፊደላት ኤፍ፣ ኤ፣ ሌላ ኤልና ዋይ ይሆናሉ። አራቱም ባልተፈታው ቃል ፊደላት መካከል መኖራቸው ግምቱ ትክክል ሊሆን እንደሚችል ጥሩ ማስረጃ ነው። ከዚያም ክብ የሌለባቸው ሦስተኛውና አራተኛው ሣጥን ስለሆኑ እዚያ የሚገቡት የተረፉት ኤምና አይ ብቻ መሆን አለባቸው። በዚህ መንገድ 720 የነበረው የድርድር ብዛት ወደ 48 ይወርዳል፤ ኤምና አይን በመካከል አስቀምጦ ዋይን ወደ መጨረሻ የላከ ሰው ቃሉን ወዲያው ያየዋል።

ግምቱ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው ሦስት ነገሮች ሲገጥሙ ነው። እያንዳንዱ ክብ ውስጥ ያለ ፊደል አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ መዋል አለበት፤ የመልሱ ቃላት ርዝመት ከባዶ ሣጥኖቹ ጋር መስማማት አለበት፤ ኅብረ ቃሉም በሥዕሉ ውስጥም ሆነ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ትርጉም መስጠት አለበት። ሁለቱ ገጥመው ሦስተኛው ካልገጠመ፣ በተለይም መልሱ የሚነበብ ሆኖ ከሁለቱ ትርጉሞች አንዱን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ገና አልተፈታም ማለት ነው። ትክክለኛው መልስ በማግስቱ እትም ላይ ይታተማል፤ ከራስ መልስ ጋር ሲያስተያዩት የቱ ቃል ምን ሁለተኛ ትርጉም እንደነበረው በማስታወሻ መያዝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መቺው ወጥ ቤት ውስጥ ሲሣል ሊጡን ከዱላው ጋር ለማገናኘት የሚወስደውን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥራል።